የአበበ ቢቂላ እግርና የነጋዴው ጫማ

በጌዴኦ ዞን በይርጋ ጨፌ ወረዳ በምትገኘው በኢዲዶ፥ ቡና በሚደርስበት ወራት እሸቱ በሰው ጀርባና በአህያ ተጭኖ ወደ ማጠቢያ ጣቢያዎቹ ይጎርፋል። ባለፈው የቡና ወቅት አንድ የመፈልፈያ ማሽን ለመጠገን በዚያ ስሰነብት፥ እሸት ተሸክመው ከሚያመላልሱት ወጣቶች አንዱ የእጅ ስልኩን አውጥቶ አንድ ማስታወቂያ አሳየኝ። ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ዝነኛ ሰው በጫማ ውስጥ የሚነጠፍ ስስ ንጣፍ በእጁ ይዞ፥ የጉልበትንና የወገብን ሕመም በጥቂት ቀናት የሚያስወግድ መሆኑን በሙሉ ልብ ይናገራል። ወጣቱ አምኖ ገዝቶታል። የከፈለው ገንዘብ የብዙ ቀን ሸክም ዋጋ ነበር፤ ጉልበቱ ግን እንዳመመው አለ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ የገንዘቡ መጥፋት አልነበረም። ወጣቱ ሻጩን ከቶ አያውቀውም፤ የገዛው ያን ዝነኛ ሰው አምኖ ነው። ያ ሰው ንጣፉን አድርጎት ያውቅ እንደ ሆነ፥ ስለ ተናገረውም ቃል ተከፍሎት እንደ ሆነ በማስታወቂያው ውስጥ አንዳች አልተነገረም። እንግዲህ የተሸጠው ንጣፉ ብቻ አይደለም፤ የሰውዬው ስም አብሮ ተሽጧል።

ማኅበራችን ለዘንድሮው መጽሔት ስለ ማስታወቂያና ስለ ሙያ ምስክርነት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ ይህ ወጣት ትዝ አለኝ። ይሁን እንጂ ስለ ሕግ አንቀጾች ከመዘርዘር ይልቅ፥ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስሙን እየሰማን ያደግነውን የአንድ ሰው ሕይወት መተረክን መረጥሁ። ሰውዬው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። በሕይወቱ ዘመን ጫማ ሠሪዎች ለእግሩ ተሽቀዳድመውለታል፤ ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ ደግሞ ስሙ ራሱ የጫማ ስም ሆኖ ገበያ ወጥቷል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘብልኝ።

ከጃቶ እስከ ክብር ዘበኛ

አበበ ቢቂላ በሰሜን ሸዋ በመንዲዳ አቅራቢያ ጃቶ በምትባል መንደር ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ተወለደ። በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይካሄድ ነበር። ይህ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ሆኖም ከዚያ ሰፈር የተወለደ የእረኛ ልጅ ከኦሊምፒክ ጋር ይገናኛል ብሎ በዚያን ጊዜ ሊያስብ የሚችል ሰው እንዳልነበረ የታወቀ ነው። አበበ እንደ አካባቢው ልጆች ሁሉ ከብት እየጠበቀ፥ ገና እየተጫወተ አደገ። የገና ጨዋታ በገጠር ሲሆን ሜዳው ወሰን የለውም፤ ሩሯን ተከትሎ ከመስክ ወደ መስክ መሮጥ ነው።

በ1944 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ በሩጫ መመላለስ ልማዱ ሆነ። በ1938 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን የሠራዊቱን ስፖርተኞች ያሠለጥን ነበርና ይህን ቀጭን ወታደር አስተዋለው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ረጅምና ድምፅ የሌለው ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አገር፥ አየሩ በሳሳበት፥ በዳገትና በቁልቁለት፥ በአስፋልትና በኮረት ላይ በየቀኑ መሮጥ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የማጣሪያ ውድድር አበበ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ጨረሰ። ይህ ጊዜ ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር። ከአገር ውጭ ግን የሰማ ወይም ሰምቶ ያመነ ጥቂት ነበር። ስሙ ገና ምንም የማይመሰክር፥ ለነጋዴም ምንም የማይፈይድ ስም ነበር።

ሮማ፥ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.

የሮማው ማራቶን ከፀሐይ ግለት ለማምለጥ ሲባል ወደ ማታ የተጀመረ ነበር። መነሻው ከካምፒዶልዮ ሥር፥ መድረሻውም የቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ነው። ለአውሮፓውያን ተራ የመስከረም ቀን ሲሆን፥ ለኢትዮጵያውያን ግን የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። በብዙ ጸሐፊዎች እንደ ተመዘገበው፥ የአበበ አሮጌ ጫማ አልቆ ስለ ነበር በሮማ አዲስ ጫማ ቢያገኝም ስላልተመቸውና እግሩን ስላቆሰለው ያለ ጫማ ለመሮጥ ቆረጠ። ይህ ለእርሱ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ በልምምድ ጊዜ በጫማም በባዶ እግርም ይሮጥ ነበርና።

ኒስካነን ከሁሉ የሚያሰጋው የሞሮኮው ረሃዲ ቤን አብደሰላም መሆኑን፥ መለያ ቁጥሩም 26 መሆኑን አስቀድሞ ነግሮት ነበር። ረሃዲ ግን በዚያ ማታ የለበሰው ቁጥር 185 ነው። አበበ ቁጥር 26ን ከፊቱ ሲፈልግ፥ የፈራው ሰው ራሱ ጎን ለጎኑ እየሮጠ ነበር። ጨለማው ሲወድቅ በአሮጌው የአፒያ መንገድ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆሙ፤ ሁለቱ ሯጮች ከሌሎቹ ርቀው በዚያ ብርሃን መካከል ተያይዘው ገሰገሱ። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ መንገዱ በአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፋል። ሐውልቱ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ጦር ተወስዶ በዚያን ጊዜ በሮማ ቆሞ ነበር። አበበ የመጨረሻውን ፍጥነቱን የጨመረው በዚያ አካባቢ ነው።

የጨረሰበት ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ሆነ። ረሃዲን በ25 ሴኮንድ ያህል ቀደመው፤ የሶቪየቱ ሰርጌይ ፖፖቭ ይዞት የነበረውን የዓለም ምርጥ ጊዜም ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ልዩነት አሻሻለ። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ነበር።

ከማግሥቱ ጀምሮ ግን ዓለም ያወራው ስለ ሰውዬው ከመሆን ይልቅ ስለ እግሩ ሆነ። አንዳንዱ ጫማ መግዣ ያጣ ድኻ አገር ልጅ ነው አለ፤ አንዳንዱም የድሉ ምሥጢር ባዶ እግርነቱ ነው አለ። ሁለቱም አባባሎች ለጆሮ የሚጥሙ ናቸው። ሁለቱም ግን የሱሉልታን መንገድ፥ የአሠልጣኙን ዕቅድና የዓመታቱን ድካም ከሒሳቡ አውጥተው ጥለዋል። ለነጋዴ የሚመቸው ደግሞ እንዲህ ያለ አጭር ታሪክ ነው።

ጫማ ሠሪዎችና ሯጩ

በዚያ ዘመን የኦሊምፒክ ደንብ ሯጭ በስፖርቱ ገንዘብ እንዳያገኝ ይከለክል ነበር። የስፖርት ጫማ ንግድ ግን እየደረጀ ሄዶ ነበር። በጀርመን አገር አንድ ፋብሪካ የነበራቸው የዳስለር ወንድማማቾች በ1940 ዓ.ም. ተለያይተው፥ አንዱ አዲዳስን ሌላው ፑማን አቋቁመው በብርቱ ይፎካከሩ ነበር። በሮማው ኦሊምፒክ የመቶ ሜትሩ አሸናፊ ጀርመናዊው አርሚን ሃሪ የሮጠው በፑማ ጫማ ሲሆን፥ ሜዳልያውን ለመቀበል የቆመው አዲዳስ አጥልቆ ነው። ተመልካቹ ሁለቱንም አየ፤ ስለ ምን እንደ ለወጠ ግን የሚነግረው አልነበረም። የክፍያ ክልከላው ክፍያን አላጠፋም፤ ከሕዝብ ዓይን ሰወረው እንጂ።

አበበ ከሮማ ሲመለስ የጀግና አቀባበል ተደረገለት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዦች የመሩት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲከሽፍ እርሱም የዚያው ሠራዊት አባል በመሆኑ ክፉ ቀን አልፎበታል፤ ነገር ግን በነገሩ ውስጥ ተካፋይ ሆኖ ስላልተገኘ ወደ ሩጫው ተመለሰ። በሚያዝያ ወር በአቴና ሮጦ አሸነፈ። በሰኔ 18 ቀን ደግሞ በጃፓን በኦሳካ ከተማ የማይኒቺ ማራቶንን አሸነፈ።

በኦሳካ ሳለ በኮቤ ከተማ ታይገር የተባለውን የሩጫ ጫማ የሚሠራው ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የእርሱን ጫማ እንዲያደርግለት ጠየቀ። ነጋዴው የፈለገውን ለመረዳት አያዳግትም። በባዶ እግሩ ዓለምን ያሸነፈ ሰው አንድ ጫማ መርጦ ቢያደርግ፥ ከዚያ የበለጠ ምስክር ለጫማ ሠሪ ከየት ይመጣል? የተፎካካሪዎቹ ምኞትም ይኸው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ አበበ በቶኪዮ ጎዳና በታየ ጊዜ በእግሩ ላይ የነበረው የፑማ ጫማ ነው።

እዚህ ላይ አበበን ለመክሰስ የሚያበቃ ነገር የለም። ስለ ማንም ጫማ በአደባባይ ቆሞ ያልሆነውን ሆነ አላለም፤ ይህ ጫማ ጉልበት ያድናል፥ ያኛው ያፈጥናል ብሎ ለሕዝብ አልመሰከረም። ዝም ብሎ ሮጠ። ምስክርነቱን ከእግሩ ላይ የቀዱት ሌሎች ናቸው።

ቶኪዮ፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.

ከቶኪዮ ኦሊምፒክ በፊት አበበ ሁልጊዜ አሸናፊ አልነበረም። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን ብዙ መንገድ ከመራ በኋላ ደክሞ አምስተኛ ወጥቷል። ለቶኪዮ ሲዘጋጅም፥ ውድድሩ ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀረው የትርፍ አንጀት ሕመም ይዞት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይሮጣል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነበር።

እርሱ ግን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ጨረሰ። እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ የያዘውን የዓለም ምርጥ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ አሻሻለ፤ ሁለተኛ የወጣውን ይህንኑ ሂትሊን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ስታዲዮሙ ውስጥ ገብቶ መስመሩን ካለፈ በኋላ በሣሩ ላይ የሰውነት ማፍታቻ እንቅስቃሴ ሲሠራ ተመልካቹ ተደነቀ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በታሪክ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

የሙያ ባልደረቦቼ እዚህ ላይ ቆም ብለው እንዲያስቡ እለምናለሁ። አንድ ሰው በባዶ እግሩ ሮጦ የዓለምን ምርጥ ጊዜ ሰበረ። ያው ሰው ከአራት ዓመት በኋላ ጫማ አድርጎ፥ በ3 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ አሻሽሎ እንደገና ሰበረ። ባዶ እግር ነው ያሸነፈው የሚል ቢኖር ቶኪዮ ይረታዋል፤ ጫማው ነው ያሸነፈው የሚል ቢኖር ሮማ ይረታዋል። በሁለቱ ውድድሮች መካከል የተለወጠው ጫማ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ፥ አየሩ፥ ዕድሜው፥ ልምዱና ተፎካካሪው ሁሉ ተለውጧል። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ በተለወጠበት ሙከራ ውጤቱን ለአንዱ ነገር ብቻ መስጠት በማናቸውም የላቦራቶሪ ዘገባ ላይ ቢጻፍ የሚያስወቅስ ስሕተት ነው። በማስታወቂያ ላይ ሲሆን ግን ስሕተት መባሉ ቀርቶ ብልኀት ይባላል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

አበበ ከቶኪዮ በኋላም በጃፓን፥ በስፔንና በኮሪያ ሮጦ አሸነፈ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰለፍ ግን እግሩ ታምሞ ነበርና የውድድሩን ግማሽ ሳያደርስ አቋረጠ። ድሉን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደው።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ሌሊት፥ ራሱ ሲነዳው የነበረው ፎልክስዋገን መኪና ተገለበጠ። የአከርካሪ አጥንቱ በመጎዳቱ ያ ዓለም ያወራለት እግር ከዚያች ሌሊት ወዲያ ቆሞ አልሄደም። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል በሚባለው የአከርካሪ ጉዳተኞች ሆስፒታል ወራት ከታከመ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከሕይወቱ ሁሉ እኔ እጅግ የምደነቀው በዚህ ዘመኑ ነው። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ለመወርወር ቀረበ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ውሻ በሚጎትተው መንሸራተቻ ተወዳድሮ አሸነፈ። በነሐሴ 1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገባ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። የአበበ ብርታት በእግሩ ውስጥ እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። እግሩ ሲቀር ብርታቱ አልቀረምና።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ በ41 ዓመቱ በአዲስ አበባ ዐረፈ። በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ሸኘው።

ከሞት በኋላ የተሸጠ ስም

በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካና በአውሮፓ በባዶ እግር ወይም ባዶ እግር በሚመስል ስስ ጫማ መሮጥ ፋሽን ሆነ። ስለ ሜክሲኮ ተራራ ሯጮች የተጻፈ አንድ መጽሐፍ በብዙ ተነበበ። በጥር 2002 ዓ.ም. ደግሞ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ ጥናት አወጡ። ጥናቱ በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በፊተኛው የእግር ክፍል ስለሚያርፉ፥ ተረከዝን አስቀድሞ ከማሳረፍ ይልቅ የመጀመሪያው ግጭት የሚቀንስ መሆኑን ያሳያል። ጉዳት ይቀንሳል አላለም፤ ጉዳትን አልለካምና። በተለካው ነገርና በተባለው ነገር መካከል ያለው ክፍተት ግን ለንግድ በቂ ሰፊ በር ነበር።

በ1929 ዓ.ም. ገደማ በኢጣሊያ የተቋቋመው ቪብራም የተባለው የጫማ ሶል ፋብሪካ፥ እንደ እጅ ጓንት ለእያንዳንዱ ጣት ክፍል ያለው ስስ ጫማ ይሸጥ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ለሯጮች የተሠራ አዲስ ሞዴል አውጥቶ ስሙን ቢቂላ አለው፤ በአሜሪካም ስሙን የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበ። የአበበን ቤተሰብ ፈቃድ አልጠየቀም። ሮማ ላይ በባዶ እግሩ የሮጠ ሰው ስም፥ ባዶ እግርን በሚመስል ጫማ ላይ ሲለጠፍ ማስታወቂያው ምንም ቃል ሳይጨምር ያስተላለፈው መልእክት ግልጽ ነው፤ እርሱ ያሸነፈው በዚህ ዓይነት ነው፥ አንተም ግዛና ሩጥ የሚል ነው።

ኩባንያው ጫማዎቹ የእግርን ጡንቻ ያጠነክራሉ፥ ጉዳትን ይቀንሳሉ እያለም ያስተዋውቅ ነበር። በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ፌዴራል ፍርድ ቤት ገዢዎች ይህ አባባል በሳይንስ ያልተረጋገጠ ነው ብለው ከሰሱት። በ2005 ዓ.ም. በወጣ አንድ ጥናት 36 ልምድ ያላቸው ሯጮች ለዐሥር ሳምንት ተመረመሩ፤ ወደዚህ ጫማ ቀስ በቀስ ከተሸጋገሩት 19 ሰዎች በ10ሩ የእግር አጥንት መቅኔ ውስጥ እብጠት ሲጨምር፥ በቀድሞ ጫማቸው ከቀጠሉት 17 ሰዎች ግን በአንዱ ብቻ ታየ። በ2006 ዓ.ም. ኩባንያው ጥፋተኛ መሆኑን ባያምንም 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለገዢዎች መመለሻ እንዲውል፥ ማስረጃ ሳይኖረውም እንዲህ ያለውን የጤና ጥቅም እንዳይናገር ተስማምቶ ክሱን ዘጋ።

የአበበ ቤተሰብ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. በዋሽንግተን ግዛት ታኮማ ከተማ በሚገኘው ፌዴራል ፍርድ ቤት፥ ስሙ ያለ ፈቃድ ለንግድ ውሏል ሲል ክስ አቀረበ። ፍርድ ቤቱ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ክሱን ውድቅ አደረገ። ምክንያቱም ቤተሰቡ ነገሩን በ2003 ዓ.ም. ገደማ ካወቀ በኋላ አራት ዓመት ያህል ሳይከስ ቆይቷል የሚል ነበር። እንግዲህ የጫማው ገዢዎች ጥቂት ገንዘብ ተመለሰላቸው፤ የስሙ ባለቤቶች ግን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሟቹ ራሱ ተነሥቶ፥ ይህን ጫማ አላውቀውም ሊል አይችልም። በሕይወት ያለ ሰው ስሙን ቢሸጥ በኋላ ሊጸጸትና ሊመልስ ይችላል፤ የሞተ ሰው ስም ግን ጠባቂ ከሌለው ለማንም ይመሰክራል።

ስምና ምስክርነት

ይህን ታሪክ በጌዴኦ ምድር ሆኖ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። ይርጋ ጨፌ የሚለውም ስም በዓለም ገበያ ላይ ከቡናው በላይ የሚጓዝ ስም ነው። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የይርጋ ጨፌን፥ የሲዳሞንና የሐረርን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ለማድረግ አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ብዙ ክርክርም ተደረገ። በመጨረሻም በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ተስማማ። አበበ የመጨረሻውን ፍጥነት ሲጨምር በአጠገቡ የነበረው የአክሱም ሐውልትም ከሮማ ወደ አገሩ የተመለሰው በዚያው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሐውልቱም የቡናው ስምም የተመለሱት ባለቤታቸው ስለ ጠየቀ ነው። ያልተጠየቀ ነገር አይመለስም፤ ዘግይቶ የተጠየቀም እንደ አበበ ስም ሊቀር ይችላል።

ሆኖም ስምን ማስመዝገብ የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ስሙ የሚመሰክርለት ነገር እውነት መሆኑ ነው። ከሌላ ወረዳ በመጣ ቡና ጆንያ ላይ ይርጋ ጨፌ ተብሎ ቢጻፍ፥ የሚታለለው በቶኪዮ ወይም በሲያትል ያለው ጠጪ ብቻ አይደለም፤ የኢዲዶው ገበሬም ስሙ ይረክስበታል። በአልጋ ላይ ቡናውን ቀን ከሌት እያገላበጠ ያደረቀው ሰው ያከማቸውን እምነት ሌላው ይመነዝረዋልና።

ሕግ በዚህ ረገድ ፈጽሞ ዝም አላለም። በአሜሪካ የንግድ ጉዳይ ኮሚሽን በ1972 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ፥ ምስክር የሚሆን ሰው የሚናገረው የራሱን እውነተኛ አስተያየት እንዲሆን፥ ከሻጩ ጋር ያለው የጥቅም ግንኙነትም እንዲገለጥ ይጠይቃል። በአገራችንም በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። ነገር ግን በስልክ መስተዋት ላይ በየደቂቃው የሚያልፈውን ማስታወቂያ ሁሉ ተከታትሎ የሚይዝ ተቆጣጣሪ በየትም አገር በቂ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጠባቂ ባለ ስሙ ራሱ መሆን አለበት።

ይህ ደግሞ እኛን መሐንዲሶችን በቀጥታ ይመለከተናል። እኛም ስም አለን፤ ስማችን በፊርማና በማኅተም ይገለጣል። በድልድይ ንድፍ ላይ የምንፈርመው ሒሳቡን ስላየን ነው። ይሁን እንጂ ከመካከላችን የሲሚንቶ፥ የውሃ ፓምፕ፥ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ወይም የቤት ቀለም ሻጭ ፎቶግራፉንና የሙያ ማዕረጉን እንዲያውሰው የተጠየቀ ጥቂት አይደለም። እኔም ስለ አንድ የውሃ ፓምፕ የተዘጋጀ ጽሑፍ ተሰጥቶኝ፥ በካሜራ ፊት ቆሜ እንዳነብ ተጠይቄ አውቃለሁ። ክፍያው ከሁለት ወር ደመወዜ ይበልጥ ነበር። ፓምፑን ለመሞከር አንድ ሳምንት እንዲሰጡኝ ብጠይቅ፥ ሙከራው ለማስታወቂያው አያስፈልግም ተባልሁ። እምቢ ማለቴን እንደ ጀግንነት አልቆጥረውም፤ ለጥቂት ቀናት ልቤ እንደ ተከፈለ አልሸሽግም። ወስኜ የነበረው ግን ፓምፑን ገዝቶ በማሳው ላይ የሚተክለው ገበሬ የሚያምነው ሻጩን ሳይሆን እኔን እንደ ሆነ ባሰብሁ ጊዜ ነው።

በመሆኑም ማኅበራችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ማስታወቂያ ምስክርነት አንድ አጭር ደንብ በሥነ ምግባር መመሪያው ውስጥ እንዲጨምር ሐሳብ አቀርባለሁ። አባል የሆነ ሰው ራሱ ያልሞከረውን ወይም የሙከራውን ዘገባ ያላየውን ነገር በሙያ ማዕረጉ እንዳያወድስ፤ የተከፈለው እንደ ሆነም መከፈሉን በዚያው ማስታወቂያ ላይ እንዲገልጥ ቢደነገግ በቂ ነው። ከዚህም ጋር የሞቱ ባልደረቦቻችን ስምና ምስል ያለ ቤተሰባቸው ፈቃድ ለንግድ ሲውል ማኅበሩ ሳይዘገይ እንዲቃወም ቢወሰን፥ ከአበበ ቤተሰብ ታሪክ የተማርነው ከንቱ አይሆንም።

ለዚያ ለኢዲዶው ወጣት የነገርሁት ይህን ሁሉ አይደለም። ንጣፉ ጉልበት ሊያድን እንደማይችል፥ ከሐኪም ዘንድ እንዲታይና ሸክሙንም ከፍሎ እንዲያመላልስ ብቻ ነው የመከርሁት። ስለ አበበ ቢቂላ ያውቅ እንደ ሆነ ብጠይቀው በባዶ እግሩ ያሸነፈው መሆኑን ነገረኝ። በሁለተኛው ጊዜ ጫማ አድርጎ እንዳሸነፈ ስነግረው ተገረመ፤ ጥቂት አስቦም፥ ታዲያ ነገሩ ከጫማው አይደለማ ብሎ እሸቱን አንሥቶ ወደ መፈልፈያው ሄደ።